ወደ ግራ የምትዞረው ሄሊኮፕተር

ሬይንደርት በዚያ ክረምት ያልተጣላው ሰው አልነበረም። ከልቡ የጠላው ግን ሲብራንድን ነው።

ሲብራንድ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ከኤምስ ወንዝ አፍ የሚነሳው ንፋስ ሰው በማያስወጣበት ወቅት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ትምህርት ቤቱን የስፖርት አዳራሽ ይከፍታል። እዚያም ትንንሽ ሄሊኮፕተር የሚያበርሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሄሊኮፕተሮቹ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ፣ በባትሪ የሚሠሩ፣ በሁለት አውራ ጣት በሚገፋ መቆጣጠሪያ የሚታዘዙ ናቸው፤ ኃይላቸውና መዞራቸው በግራው ጣት ነው።

ሬይንደርት ሲመዘገብ ከእሱ ሌላ ጀማሪ አልነበረም። ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዳ ግማሽ ዕድሜው አልፏል፤ በእጁ የሚመካ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሄሊኮፕተሯ ወለሉን ስትልስ ሲብራንድ ሆዱን ይዞ ሳቀበት።

«ኮንቴይነር እንደ ክብሪት ሳጥን የሚያነሳ ሰው ዝንብ አቃተው» አለ።

ሬይንደርትም አብሮ ሳቀ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ ከወለሉ አንስቶ ደረቱ ፊት ለፊት ያቆማት ጀመር። ሌሎቹ አጨበጨቡለት። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ሄሊኮፕተሯ በደህና ትነሳና ድንገት አፍንጫዋን ወደ ግራ ታዞራለች፤ ወዲያው ኃይሏ ከድቷት ትወድቃለች።

ጥፋቱ ጭራዋ ላይ ያለው ትንሽ ሞተር ነው ብሎ ቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታታት። ሽቦ መበየድ ከዜሮ ተማረ። ብሎኖቹ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ስለነበሩ እየወደቁ ሲያስቸግሩት፣ ሚስቱ ሂልየ እኔ ልያዝልህ አለችው። እሱ ግን ብሎኖቹን የሚይዝበት መቆንጠጫ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ነው ብሎ ወደ ቆሻሻ ወረወረው። የአተር ሾርባው በረዶ እስኪሆን ሠርቶ ጨረሰ። ቅዳሜ ሄዶ አስነሳት። ወደ ግራ ዞራ ወደቀች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኗን የሚጠብቀውን ክፍል ቀየረ። ቀጥሎ ክንፎቹን፣ ቀጥሎ ጥርሳም ጎማዎቹን። የገና በዓል ሳይደርስ ከአሮጌዋ ሄሊኮፕተር የቀረ ነገር አልነበረም። እሷም ወደ ግራ መዞሯን አልተወችም።

ሲብራንድ መሳቁን አቆመ። ይህ ሬይንደርትን ይበልጥ አበገነው፤ የጥፋተኛ ዝምታ ሆኖ ታየው። አንድ ቅዳሜ ሲብራንድ ቀስ ብሎ ቀረበውና፣ እስቲ እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተዋት፣ በሳምንቱ መሃል ልያት አለው። ሬይንደርት ከነመቆጣጠሪያዋ ተወለት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሲብራንድ ኪስ ውስጥ ብቻ መሆኑን ያሰበው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ሆነለት። ሲብራንድ ሁልጊዜ ሄሊኮፕተሯን ራሱ አውጥቶ ነው የሚሰጠው። ሬይንደርት ሲያበርር ደግሞ ሲብራንድ ዓይኑን ከእሱ ላይ አይነቅልም፤ ሄሊኮፕተሯን እንኳ አያይም፣ እሱን ነው የሚያየው። የክለቦች ውድድር ሲቃረብ የሬይንደርትን ስም ከቡድኑ አወጣ። ምክንያቱን ሲጠይቀው «ዘንድሮ ይለፍህ» አለው።

ንዴቱ ሥራ ቦታም ተከተለው። እሱ በክሬን ያነሳው አንድ ኮንቴይነር መርከቡ ጠርዝ ላይ ሲላተም፣ በሬዲዮ ምልክት የሚሰጠውን ሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሰደበው። ሂልየ ጠዋት የኮቱን ቁልፍ ስትቆልፍለት ቶሎ በይ እያለ ይጮህባት ጀመር። እሷም ሐኪም ቤት ሄደህ የደም ግፊትህን ብትለካ ምናለበት አለችው። የኔ በሽታ ሲብራንድ ነው አላት።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሞ ሄደ። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው። የአዳራሹ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የታወቀው ጥዝጥዝታ ይሰማል።

ሲብራንድ መሃል ወለሉ ላይ ብቻውን ቆሟል። በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ የሬይንደርት ነው። ከፊቱ የሬይንደርት ሄሊኮፕተር በገመድ እንደተሰቀለች ሁሉ አየር ላይ ቀጥ ብላለች። ግራም አትልም፣ ቀኝም አትልም።

ሬይንደርት በሩን በእግሩ ከፈተው።

«ያዝኩህ» አለ። «ለራስህ ሲሆን ታስተካክላታለህ። ለእኔ ስትሰጠኝ ነው የምታበላሻት። ምን አድርጌህ ነው? አንተ ሽማግሌ፣ ምን በድዬህ ነው?»

ሲብራንድ ሄሊኮፕተሯን እንደ ላባ ወለሉ ላይ አሳረፋት። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ሬይንደርት ግን ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

«አንድ ብሎን አልነካሁም» አለ ሲብራንድ። «ከቤትህ እንዳመጣሃት ናት። እኔም አበረርኳት፣ ሌሎቹም ተራ በተራ አበረሯት። ከዚህ ክለብ እንደሷ በደንብ የተሠራች የለችም።»

«ውሸታም!»

«ና፣ ያዝ። አሁኑኑ፣ ዓይንህ እያየ።»

ሬይንደርት መቆጣጠሪያውን ነጠቀው። ሞተሩ ጮኸ፤ ሄሊኮፕተሯ ተነሳች፣ ደረቱ ፊት ለፊት ደረሰች፣ ቆመች። አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞረ። ወደቀች።

ሲብራንድ የወደቀችውን አላነሳም። የሚያየው ሬይንደርት ሳያውቀው ከመቆጣጠሪያው ላይ ተንሸራቶ የወደቀውን ግራ አውራ ጣቱን ነው።

«ሬይንደርት» አለው በቀስታ፣ «ሰኞ ክሬኑ ላይ ልትወጣ ነው?»