ባለ ሁለት በር ተሳቢ

አባቴ በተሳቢው የኋላ በር ገብቶ በፊተኛው በር ይወጣል፤ ዞሮ ይመጣና እንደገና ይገባል። ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ወለሉን በተረከዙ ይመታል፣ ግድግዳውን በትከሻው ገፋ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ የበሩን ማጠፊያ ያያል። እኔ መሀል ቆሜ እሱ ባለፈ ቁጥር ወደ ጎን ዘወር እላለሁ።

«ከዚያኛው ይሄ ይሻላል» ይላል።

ሻጩ ዱዌይን በሩን ተደግፎ ይስቃል። ከአባቴ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። «ሬይኖ! የፊት በር ያለው ተሳቢ ከድልድዩ ማዶ ላሉ ከተሜዎች ነው፣ የበረዶ ሞተራቸውን ጎትተው ማውረድ ላቃታቸው፣ ስትል አልነበር? ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰድበኝ!»

«አሁንም የነሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልገዛው ነው። ዝም ብለህ ሽጥ።»

የኛ በረዶ ላይ የሚነዱት ሞተሮች አሮጌ ናቸው፤ የኋላ ማርሽ የላቸውም። የኋላ በር ብቻ ካለው ተሳቢ ለማውረድ ጭራቸውን በእጅ አንስቶ መጎተት የግድ ነው። አባቴ የሁለታችንንም ብቻውን ያነሳ ነበር፤ እኔ ስጠጋ «ጣትሽን ጠብቂ» እያለ። ሚያዝያ ላይ ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ባለፈው ማክሰኞ ማርኬት ከተማ ወዳለው ሐኪም ብቻውን ነድቶ ሄደ። ዘንድሮ በረዶ ላይ መውጣት ይችል እንደሆነ የሚነገረው ያን ቀን ነበር። ሲመለስ «እንዴት ነበር?» አልኩት። «መንገዱ ደህና ነው» አለኝ። አልደገምኩም። እኛ ቤት አንድ ነገር ሁለቴ አይጠየቅም።

ስለዚህ መልሱን ከሚመርጠው ዕቃ ላይ እፈልጋለሁ። የፊት በር ካለ ሞተሩ ወደፊት ተነድቶ ይወጣል፤ ማንሳት ቀረ ማለት ነው። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ ብሎት ይሆናል፤ አትንዳ ግን አላለውም። ለማይነዳ ሰው ተሳቢ ምን ያደርግለታል? ይሄን አስቤ ደስ ይለኛል፤ እግሬ ግን አልቆም ይላል። ተሳቢው ወደሚጠብበት ጫፍ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

«አይሊ፣ ፈረስ የጫንን መሰለኝ እኮ» ይላል ዱዌይን። «ሳይሸጥ ወለሉን ጨረሽው!»

አፍሬ እቆማለሁ። ወዲያው ደግሞ እሄዳለሁ።

«ጣሪያው ላይ መተንፈሻ ይኑረው» ይላል አባቴ። «እርጥብ ሞተር ተዘግቶበት ሲያድር ያልበዋል። መብራት ከውስጥም ከውጭም። ሞተሩን ጎትቶ የሚያስገባ ዊንች እዚህ ጋ።»

«ዊንች? አንተ?»

«ሞተሩ አልነሳ ቢልስ? ማን ገፍቶ ያስገባዋል?»

«ሁለት ሆናችሁ ስትገፉት…»

«ጻፍ፣ ዱዌይን።»

ዱዌይን ይጽፋል። ከዚያ የልብስና የሄልሜት መስቀያውን ያመጣና በአባቴ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ይይዘዋል።

«እዚህ?»

«ዝቅ አድርገው።»

«እዚህ?»

«አሁንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አጥረሃል እንዴ?»

አባቴ አይስቅም። «አይሊ፣ ነይ እስቲ። እጅሽን ዘርጊ። እንደሱ አይደለም፣ ሳትንጠራሪ።»

እዘረጋለሁ። ጣቶቼ ያረፉበት ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። የመብራቱ ማብሪያ፣ የዊንቹ መቆጣጠሪያ፣ የጓንት ማድረቂያው፤ አንድ በአንድ እጄን እየዘረጋሁ፣ እሱ እያሰመረ። ልብስ ሰፊ ጋ የቆምኩ ይመስለኛል።

«ያንተስ?» እላለሁ። ድምፄ ከአሉሚኒየሙ ግድግዳ ነጥሮ ወደራሴ ይመለሳል።

«የቱ የኔ?»

«መስቀያህ።»

«የኔ ልብስ መሬትም ይቀመጣል።»

ዱዌይን የመሰርሰሪያውን ገመድ እየጎተተ ይመጣል። ማሰሪያ ብረቶቹ የሚገቡበትን ቦታ፣ የሞተሮቹ አፍንጫ የሚታሰርበትን፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። «ሁለቱ ጎን ለጎን» ይላል። «በደንብ እዩት። ከተበሳ በኋላ ሐሳብ መለወጥ የለም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል።»

አባቴ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይንበረከካል። የግራውን መስመር በመዳፉ ያጠፋል። የቀኙንም። ጠመኔውን ከዱዌይን እጅ ይወስድና ልክ መሀል ላይ አንድ መስመር ያሰምራል።

«አንድ?» ይላል ዱዌይን።

«ክብደት መሀል ሲሆን ተሳቢው መንገድ ላይ አይወዛወዝም።»

«ሁለት ሲሆኑም እኮ ይመጣጠናሉ፣ እናንተ ደግሞ…» ዱዌይን ይጀምርና ይተዋል። ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ያያል፤ መልሶ ያደርገዋል።

አባቴ ወደኔ አያይም። «እሷ ከኔ የተሻለች ነጂ ናት» ይለዋል፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል። «ዕቃው ከተስተካከለላት ብቻዋን አይከብዳትም። ብሳው።»

መሰርሰሪያው አየር ላይ አንዴ ያጉረመርማል። ሁለት እርምጃ እራመድና መስመሩ ላይ እቆማለሁ።

ዱዌይን ጣቱን ከማስነሻው ላይ ያነሳል።

«ዘወር በይ፣ ልጄ» ይላል አባቴ። «ሊበሳው ነው።»

አልዘወርም። እሱም እንደተንበረከከ ነው፤ ዓይኑ ከጉልበቴ ከፍ አይልም። ነጩ መስመር ከቦት ጫማዬ በግራና በቀኝ የጣት ያህል ብቻ ወጥቶ ይታያል።