ከፊልሙ ግርጌ የጠፋው ጽሑፍ

ትልቁ ልጅ አንድ ጫማውን የሆነ ቦታ ጥሎ ማሳውን አቋርጦ እየሮጠ መጣ…

"አባዬ! ስልክህን ለምን አታነሳም? ጎተራው ውስጥ ገብተሃል?"

አባት አካፋውን መሬት ላይ ተከለ።

"ገብቼ ቢሆን አሁን ከማን ጋር ታወራ ነበር?"

ልጁ አልሳቀም። የአባቱን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አባት አዲስ የብረት ጎተራ ሲገዛ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ፊልም በዲስክ ሰጡት። ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጁ "ዲስክ ይጫጫራል፣ ፍላሽ ላይ ልቅዳልህ" አለው። ቀዳለት።

ፊልሙ ከአንድ ቦታ በቀር ሁሉም ሰው በሚሰማው ቋንቋ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የጎተራውን ጠባብ በር ይከፍታል… በጣቱ ወደ ውስጥ ያሳያል… እየሳቀ አንድ እግሩን ያስገባል… በራሱ ቋንቋም የሆነ ነገር ይናገራል።

"ምን ይላል?" ብሎ ጠይቆ ነበር አባት።

"ኧረ ተወው፣ ዕቃውን እያሞገሰ ነው" አለ ልጁ፣ ቋንቋውን ሳያውቀው በግምት።

አባት ነገር አያበዛም… ዝም አለ።

ዛሬ ልጁ ዲስኩን ሊጥለው ሲል ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተው። ሰውዬው መናገር ሲጀምር ከምስሉ ግርጌ ጽሑፍ ብቅ አለ!

ፍላሹ ላይ ያልነበረ ጽሑፍ…

"ምን ይላል?" አለ አባት ዛሬም።

ልጁ ያነበበውን በቃሉ ደገመለት።

"'ወንድሜ እንዲህ እየሳቀ ገባ፣ ሬሳውን አወጣነው። ታሽጎ የከረመ እህል አየሩን ይጨርሰዋል፤ ሳታናፍሱ አትግቡ' ነው የሚለው… አባዬ፣ ትርጉሙ ዲስኩ ላይ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ስቀዳ እሱንም መምረጥ ነበረብኝ። አልመረጥኩም።"

አባት አልተቆጣም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

"ፍላሹን አውሼዋለሁ" አለ።

"ለማን?"

"ለቶሎ ቶሎ።"

ለችኮላው መንደሩ ያወጣለት ስም ነው… ጎረቤታቸው ነው፣ ያንኑ ጎተራ ገዝቷል። ዛሬ ሊከፍተው ነው።

ሮጡ።

ሲደርሱ በሩ ወለል ብሏል… ቶሎ ቶሎ እስከ ወገቡ ገብቷል!

አባት ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ መነጨቀው። ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረሩ።

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ!" ጮኸ ጎረቤቱ። "ፊልሙ ላይ ያለው ራሱ ግቡ እያለ!"

"ንገረው" አለ አባት ልጁን።

ልጁ ነገረው።

ጎረቤቱ ሱሪውን ማራገፉን ተወ።

"ፍላሹስ?" አለው አባት።

"ገበያ ውስጥ ጎተራ የገዙ ሰዎች አግኝቼ… በየስልካቸው አስጫንኩላቸው። መልካም የሠራሁ መስሎኝ…"

"እነማን ናቸው ጋሼ?" አለ ልጁ።

"እኔ ምን አውቄ… አንዱንም አላውቀውም።"

ሦስቱም መንገዱን አዩ። ሰው የለበትም…

ወገኖቼ፣ ምስልና ድምፅ ስላለው ብቻ ነገሩ ሙሉ ነው አትበሉ። ምን እንደሚል ያላወቃችሁትን "ተወው" ብላችሁ አትለፉ፣ ለሌላም አታስተላልፉ። እናንተ የቆረጣችሁት አንድ መስመር የማታውቁትን ሰው ነፍስ የሚያተርፈው ሊሆን ይችላል።

እስቲ ፍረዱ… ጥፋቱ የማን ነው? ትርጉሙን ያስቀረው ልጅ? አንዴ ጠይቆ ዝም ያለው አባት? ወይስ ሳያጣራ ያዳረሰው ጎረቤት?

ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ እንየው…