ሐኪም ቤት ውሰዱኝ

ሽማግሌው የደጃፋቸው ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና መነሳት አቃታቸው። ጎረቤት ተሸክሞ አልጋቸው ላይ ሲያጋድማቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እግራቸውን አዩ። ቀኙ አጥሯል፤ ጣቶቹም ወደ ውጭ ዞረዋል።

"ዳሌዬ ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ" አሉ።

"ኧረ አባዬ! ሐኪም እግርዎ ውስጥ ብረት ሊከትብዎት?" አለች ልጃቸው እልፍነሽ።

"ይክተትብኝ! ያረጀ አጥንት እንደ ነቀዘ ሸንበቆ ነው፤ ሲያሹት ይብስበታል።"

"ሕመሙ እኮ ነው የሚያስቀባጥራቸው" አሉ አንዲት ጎረቤት፤ "በዚህ ሰፈር ወጌሻ አሽቶት ያልተነሳ ማን አለ?"

"ስኂን ዳሌዋ ታሽቶ አልተነሳችም" አሉ ሽማግሌው።

"እሷማ ቀኗ ደርሶ ነው። ለቅሶው ላይ እርስዎ ራስዎ ብለው የለ እንዴ?"

እውነት ነው፣ ሽማግሌው ብለዋል።

ሊነሱ ሞከሩ፤ እግራቸው አልታዘዝ አለ። በሩ ላይ የቆመውን ባለባጃጅ በዓይናቸው ተማጸኑት። እሱ ግን ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀ፤ ወጌሻው ቅቤና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይዞ እየገባ ነበር።

ወጌሻው ጠና ያለ ጎልማሳ ነው። ቅቤውን አስቀምጦ ተንበረከከና የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

"አይዞዎት ጋሼ" አለ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ፤ "ዐሥራ ሁለት ዓመት ካስተማሩኝ አንዲቷን አልረሳሁም። 'በሽተኛ ሲጮህ አትስማው' ያሉኝንም ጭምር።"