ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት

ሃሴት ሰሞኑን ጨርቋን ጥላ ልታብድ ምንም አልቀራት። አውሬዎቿ ይጠፋሉ።

ነገሩ ጌም ነው። በፈረንጆቹ 1999 መጨረሻ አሜሪካ ሬንተን ከተማ ውስጥ ጌም ቦይ የሚባለውን የእጅ መጫወቻ የማይነካካ ተማሪ ማግኘት ዝናብ የሌለበት ቀን እንደማግኘት ነበር። ጫካ ለጫካ ዞረው አውሬ ይይዛሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ ከያዟቸው ስድስቱን መርጠው ቡድን ይሠራሉ። የተረፉት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ ዕለት ገበያ ማዕከሉ ውስጥ የዚሁ ጌም ውድድር አለ። ባለፈው ሃሴት በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋ፣ የክፍሏ ወንዶች መሳቂያ አድርገዋት ነበር። ዘንድሮ ግን እሳት የምትተፋ ሚጥሚጣ የምትባል አውሬ አላት። ሌሎቹን አምስቱን ከሣጥኑ እየለዋወጠች ገና እየመረጠች ነው። እንግዲህ ከሣጥኑ ነው የሚጠፉት።

ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ጌሙ የሚይዘው የአንድ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ናኦል ደግሞ የእሷን አጥፍቶ የራሱን መጀመር ከፈለገ ቆይቷል። ትምህርት ቤቷ ጌም ስለሚከለክል ትራሷ ሥር ሸጉጣው ትሄዳለች። ናኦል ከእሷ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ሶ፣ በራሳቸው እግር ሄዱ?» አለችው።

«አይ ዲድንት ቶች ኢት!»

«ውሸታም!»

«አይ ስዌር!»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

የሚያዝንላት ሰው ቢኖር የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። እዚያ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር ይባላል፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ ግን የለም። ዝምተኛ ሰው ናቸው። የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው፤ ማታም መቆለፊያውን ሳይነካኩ አይተኙም። ሃሴት ስለ ጌሙ ስታወራ ሳያዛጉ የሚሰሟት እሳቸው ብቻ ናቸው። ደስ ብሏት ቁልፎቹን አሳየቻቸው፤ ፋይት መዋጋት፣ ስዊች መቀየር፣ ሪሊዝ መልቀቅ፣ ሴቭ ማስቀመጥ እያለች ቃላቱን አንድ በአንድ አስጠናቻቸው። ሽማግሌው ጎበዝ ተማሪ ነበሩ።

«እነዚህ ሣጥን ውስጥ ያሉት ምን ይበላሉ?» አሏት አንድ ቀን።

«ምንም አይበሉም አባባ፤ ጌም እኮ ነው።»

«መቼ ነው የሚወጡት?»

«እኔ ስፈልጋቸው።»

«ካልፈለግሻቸውስ?»

«ኦኬ፣ ካልፈለግኳቸው እዚያው ይቀመጣሉ።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሃሴት አቅፋ ሳመቻቸው፤ የሚያሳዝኑ ሽማግሌ መሰሏት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሣጥኑ ባዶ ነበር። አንድ አውሬ እንኳ የለም። የተረፉት ቡድኗ ውስጥ የነበሩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ደሟ ፈላ። ናኦል ደጅ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲመታ አገኘችውና በሁሉም ፊት «ሌባ!» አለችው። ልጁ ክው አለ። ከዚያ ተያያዙ፤ የናኦል ከንፈር ተተረተረ።

እናታቸው ወይዘሮ ውባንቺ ከሥራ ስትመጣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ትጮኻለች።

«በዚህ ኮተት ልትጋደሉልኝ ነው?» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «ናኦል፣ ዕቃህን አዘጋጅ። ለእጅጋየሁ ኮል አደርጋለሁ።»

«ማም፣ ኢት ዋዝንት ሚ!»

የሚሰማው አልነበረም። ማውንትሌክ ቴራስ የምትባል ከተማ አክስቱ እጅጋየሁ ቤት እስከ እሑድ ሊሰነብት ተላከ። መኪና ውስጥ ሲገባ እህቱን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ሃሴት ትንሽ ከበዳት፤ ግን ጥፋቱ የእሱ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ወይዘሮ ውባንቺ ነገሩን ለመዝጋት ጌሙን ቀማቻት።

«ጋሼ፣ አደራ። እስከ ቅዳሜ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ ለማንም እንዳይሰጡ።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ግድ የለም። መጠበቅ አውቅበታለሁ» አሉ።

ሃሴት ከስንት ቀን በኋላ እፎይ ብላ ተኛች። ስድስቱ አሉ፤ ናኦል የለም፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለች? ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የትኛውን አውሬ በየትኛው ላይ እንደምታወጣ ስታሰላ ሰነበተች። ዘንድሮ የሚስቅባት አይኖርም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ መኪናውን አስነሥቶ ሲጠብቃት፣ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር የአጎቷን ክፍል አንኳኳች። አቶ ዓምደ ሚካኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል። ጌሙ በርቶ እጃቸው ላይ ነው።

«መጣሽ? ጥሩ» አሉ። «ይቺ አንዷ አልወጣ አለችኝ። እስቲ እርጂኝ ልጄ።»

ሃሴት ጌሙን ከእጃቸው ነጠቀች። ከቡድኑ የቀረችው ሚጥሚጣ ብቻ ነበረች። የመጨረሻዋን መልቀቅ ጌሙ አይፈቅድም።

«አባባ...» አለች። «ናኦል አይደለም እንዴ?»

«ናኦል ምን ያውቃል? እኔ ነኝ። ሣጥኑን ጨርሼ ነው ወደነዚህ የመጣሁት።»

ደጅ አባቷ ጡሩንባ ይነፋል። ሃሴት ግድግዳው ላይ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። የወንድሟ የተተረተረ ከንፈር ዓይኗ ላይ መጣባት።

«ለምን?» አለች። «ምን አደረግኩዎት? ለምን ለቀቋቸው?»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የእስር ቤት ቁልፍ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ በየሌሊቱ ስም ስጠራ፣ ‹ዕቃህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ› ያልኩት አንድ ሰው እንኳ የለም።»