እባቡ ወፍሮ እንዲታይ

አቁማዳው ጠረጴዛዬ ላይ ሲገለበጥ ፍየል ይዘው የተሰለፉት ሁሉ እየተገፋፉ ወደ በሩ ይሸሻሉ። ከውስጡ የወጣው ቡናማ የቤት እባብ ነው። መርዝ የለውም። ለማምለጥ እንኳ አይሞክርም፤ እንደ ወደቀ ተጋድሞ ይቀራል።

«የሚያወፍር መርፌ ውጊልኝ፣ ልጄ» ይላሉ ባለቤቱ። አባ መልሰው ይባላሉ፤ ከሰሃላ በእግራቸው ነው የመጡት። «ዛሬውኑ የሚያወፍር።»

«እንዲህ ያለ መርፌ ካለማ ፍየሌ ትቅደም!» ይላል ከአባ መልሰው ጋር አብሮ የመጣው ጎረቤታቸው ዘበነ፣ ከደጅ ሆኖ። «ሔዋንን ለዚያ ጉድ የዳረገውን አውሬ በመንግሥት መድኃኒት ሊያድኑት!»

«ያንተ ፍየል የሰው ቡቃያ ትጨርሳለች። ይኼ የማንን ነካ?»

ሰዉ ይስቃል። «ዝም በሉ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ። መጮህ አይከብደኝም፤ ሰቆጣ ከተመደብኩ ወዲህ ከኃላፊ ጋር ሳልጣላ የወጣሁበት ስብሰባ የለም።

የእባቡን አፍ በጥጥ ዘንግ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። ቁስል የለም፣ ልጋግም የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ ትንፋሹ አያፏጭም። በቅርፊቶቹ መሐል ተባይ እፈልጋለሁ፤ አላገኝም። ያልወለቀ አሮጌ ቆዳ ግን ጅራቱ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ጎኑን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቆዳው እንደ ተቆነጠጠ ይቀራል። የጀርባ አጥንቱ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ሾሎ ወጥቷል።

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«አይጥ ነዋ። ጎታ ሥር ነው ቤቱ። ከጣት ሳይበልጥ ያገኘችው ልጄ ሩሐማ ናት፣ ያሳደገችውም እሷ። ዐረብ አገር ስትሄድ ለእኔ አደራ ብላ ሄደች።»

«ታዲያ አይጡን ለምን አይበላም?»

«አይጡ ተሰደደ።»

«አይጥ ይሰደዳል እንዴ?»

«ምነው፣ ሰው ይሰደድ የለም ወይ?»

እንደገና ይስቃሉ። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣውን ክርክር መዋጥ አልችልም። «አባቴ፣ አይጥ እህል ያለበትን ቤት ጥሎ አይሄድም። እባብዎ አልታመመም፣ ተርቧል። አይጡ የጠፋው ጎታዎ ባዶ ስለሆነ ነው። እርስዎስ መቼ ነው የበሉት?»

ሳቁ ይቆማል። ክርክሩን አሸንፌያለሁ። አባ መልሰው አቁማዳቸውን አንስተው ማጣጠፍ ይጀምራሉ፤ አጥፈው ይፈቱታል፣ እንደገና ያጥፉታል።

«አባ፣ መንገድ ላይ ቆሎ ስሰጥዎ ‹ጠግቤ ነው የወጣሁ› አሉኝ እኮ» ይላል ዘበነ። ድምፁ ቀልዱን ጥሎታል። ሌሎቹን ይዞ ከበሩ ራቅ ይላል።

በየስብሰባው «የምግብ ክፍተት» ሲሉ ጠረጴዛ እየደበደብኩ «ረሃብ በሉት!» የምለው እኔ ነኝ። ይኸው፣ ነገሩን በስሙ ጠራሁት፤ ማንንም አላጠገበም።

«መርፌውስ?» ይላሉ አባ መልሰው።

«እባብ በመርፌ አይወፍርም፣ አባቴ። ከመጋዘናችን ግልገል አይጥ አስይዝልዎታለሁ። አንድ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ የሰነበተ ረሃብ በአንድ ጊዜ ከሞላ ይገድላል። ሲሰነብት ያገግማል።»

«ሲሰነብት አይሆንም።» ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «የሩሐማ ኮንትራት አልቋል። ማዳሟ አድሺ ትላታለች፤ መልስ የምትፈልገው ዛሬ ነው። ያቺ ሴትዮ እኮ ምግቡን ቆልፋ ነው ከቤት የምትወጣ! ልጄ ‹ቤቱ ከጠገበ እመጣለሁ፣ ካልጠገበ እፈርማለሁ› አለችኝ። ጠግበናል አልኳት። ‹የእርስዎን ቃል አላምንም፣ የእባቡን ፎቶ ይላኩልኝ› አለች።»

«ብትመጣስ ምን ትበላለች?»

«እዚያስ መቼ ጠገበች? እዚህ ብትራብ ከእኔ ጋር ነው። የሚቆልፍባት የለም።»

ተነስቼ ውሃ አሞቃለሁ።

ለብ ሲል በሳህን አቀርባለሁ። እባቡ ወደ ውስጡ ይንሸራተትና አገጩን አጥልቆ ይጠጣል፤ ረጅም ጊዜ ይጠጣል። የደረቀው ቆዳ ሲርስ በጨርቅ እየገፋሁ አወልቅለታለሁ። ከዚያ የሾለው ጀርባ እንዳይታይ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረብኩ እጠቀልለውና አባ መልሰው እጅ ላይ አኖረዋለሁ። በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጉታል።

በስልኬ ባነሳሁት ፎቶ ላይ የሚታየው እባብ እርጥብ፣ የሚያበራና የጠገበ ነው። ለእውነት ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ ለዚህ ውሸት የተጠነቀቅኩትን ያህል ለአንድም እውነት ተጠንቅቄ አላውቅም። አባቷ በሰጡኝ ቁጥር በኢሞ ለሩሐማ እልከዋለሁ።

አባ መልሰው እባቡን እንደ ያዙ ናቸው፤ አስቀምጡት ብላቸውም አያስቀምጡም። መልሷ በድምፅ ይመጣል። ስልኩን ወደ ጆሮአቸው አስጠጋለሁ።

«አባ፣ እባቡስ ወፍሯል» ትላለች። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይፈሳል። «የያዘው እጅ ግን… እሱ እጅ የእርስዎ ነው?»

ቧንቧው ይዘጋል።

«እፈርማለሁ፣ አባ። ይብሉ እሺ?»

አባ መልሰው አጥንቱ የወጣውን እጃቸውን አያዩም። ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ይስቡታል፤ እባቡም ሙቀቱን ተከትሎ ይገባል።