ስድስቱ ምልክቶች

ዳይሬክተሩ ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አሸት አሸት አደረገው። ምክትሉ ከኋላው ነበረች፤ አየችው።

የልብ መድኃኒት ምርምር ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ አያልፍም። በየኮሪደሩ የተለጠፈውን የድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክቶች ዝርዝር ያዘጋጀችውም እሷው ናት። የደረት መጨምደድ፣ የግራ ክንድ ሕመም፣ ላብ፣ እያለ ስድስት ይደርሳል፤ ሁሉም ከአራት ሺህ ወንድ ታካሚዎች መዝገብ የተለቀመ ነው። ሴቶችንም ልታስገባ ፈልጋ ነበር። ዳይሬክተሩ «የሴት ነገር ውጤት ያዛባል» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛቸው። ዝርዝሩም በእሱ ስም ወጣ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሦስት ምልክት ቆጠረችበት።

አርብ ለአዲሱ መድኃኒት ጥናት መሪ ይሰየማል። የጥናቱን ዕቅድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ስለሆነች ሌላ ሰው ይሰየማል ብላ አላሰበችም። ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ጠርታ «ይመርመሩ» ልትለው ወሰነች። ክፉ ሰው አይደለችም።

ያን ሳምንት ለራሷም አልተመቻት። መንጋጋዋን እያመማት ምግብ አስጠልቷታል።

«እማዬ፣ ያን ጥርስ አስነቅይውና ተገላገይ» አለቻት ልጇ። «ጀርባሽንስ ምን ሆነሽ ነው የምታሺው?»

«አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ትልቅ ሰው አዝዬ፣ እንዴት አያመኝ?»

ተሳሳቁ።

አርብ ዳይሬክተሩ ግንባሩን በመሃረብ እየጠረገ የመሪውን ስም ጠራ። የተሰየመው ወጣቱ ሐኪም ነበር፤ የልብ ምት ንባብ ያስተማረችው እሷ ናት።

«መሪነት ጉልበት ይጠይቃል» አለ ዳይሬክተሩ። «እሷም ከጎኑ አለችለት። የክፍሉ እናት አይደለች?»

ተጨበጨበ። እሷም ከአንገት በላይ ፈገግ ብላ አጨበጨበች። ውስጧ ግን አረረ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ደረቱን ይዟል። ዝርዝሩ ከራሱ በላይ ተለጥፏል።

«ምነው ገረጣሽ?» አላት።

«ደክሞኝ ነው። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ምን እባክሽ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል። ጨጓራ ይሆን?»

የምርመራው ክፍል ከቆሙበት አሥር እርምጃ አይርቅም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አይነቅዝም፣ አለች በልቧ።

«ጨጓራ ነው» አለችው። «ቤት ሄደው ይረፉ።»

ቤቷ ስትደርስ ደረጃው አልገፋ ብሏት ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። እስከ ሰኞ የዳይሬክተሩ ወንበር ባዶ ሊሆን እንደሚችል አሰበች፤ በሐሳቧ አፈረች፣ ግን አልተወችውም። ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ኋላ አቅለሸለሻት፣ ቀዝቃዛ ላብም አጠመቃት። ኅሊናዬ ነው ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

ሰኞ የክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ጥቁር ለብሶ መቃብሩ ዙሪያ ቆመ፤ የሟቿን የሕይወት ታሪክ ያነበበው ዳይሬክተሩ ነበር።