ከምንጣፉ ሥር

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ይንጠባጠብ ነበር፤ በሰፈሩም ሁለት ቤቶች በእሳት ወደሙ። በበዓሉ ቀን የሽማግሌው አናጢ ቤት በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ሞልቶ ሳለ፣ ጎረቤቱ ብረት በያጅ ሳይጠራ ገብቶ ሶፋው ሥር ተንበረከከ። አናጢው ዓይኑን ከሰውየው እጅ ላይ አልነቀለም።

«ደግሞ ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አለው። «የጠፋብህ ነገር አለ?»

«ጋሼ፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።»

«ሻማው ነው። አፍንጫህን ይዘህ ወደ ቤትህ!»

ልጆቹ ሳቁ። በያጁ ግን ምድጃው፣ ቴፑና የጌጡ መብራት በአንድነት የተሰኩበትን ማከፋፈያ ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው። ዘፈኑ ተቋረጠ።

«በዓላችንን ሊያበላሽ ነው የመጣው!» አናጢው ከዘራውን አነሳ።

በያጁ ምንጣፉን ገለጠ። እንግዳ እንዳያደናቅፍ ብሎ አናጢው ራሱ ጠዋት ከሥሩ የደበቀው የማከፋፈያው ገመድ ቀልጦ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ የምንጣፉም ጠርዝ ይጨስ ነበር። አንድ ክንድ ራቅ ብላ ትንሿ የልጅ ልጁ ተኝታለች።

አናጢው ከዘራውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከስድስት ዓመት በፊት መዶሻ ጠፍቶበት ይህን ሰው በሰፈሩ ፊት ሌባ ብሎት ነበር። መዶሻው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ከተገኘ ድፍን ዓመት ሆኖታል፤ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም።

«መዶሻውን አንተ አልወሰድክም» አለ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «እቤቴ አገኘሁት። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»